የጾሙን መንገድ የቀየሰልን ሊቅ፤ የቅዱስ ያሬድ ሕይወትና የዐቢይ ጾም ሰንበቶች

ይህ መጽሔታችን እጃችሁ የሚገባው ቅበላው ተቃርቦ፣ በየቤቱ ሽሮው እየተፈጨ፣ ስልጆውና ስናፍጩ እየተሰናዳ ባለበት ሰሞን ነው። ስለዚህ ስለ ዐቢይ ጾምና ለፋሲካ ስለሚደረገው የመንፈስ ዝግጅት አንድ ነገር ብንል አይከፋም ብለን አሰብን። ይሁንና ምን እንደማይበላና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚጾም ለመዘርዘር ብዕር አላነሣንም። ይህንንማ ከሕፃን እስከ ሽማግሌ ሁሉም ያውቀዋል፤ የማያውቅ ቢኖር እናቱን ይጠይቅ። እኛ ልንናገርለት የፈለግነው 55ቱን ቀን በየሳምንቱ ከፋፍሎ፣ ለእያንዳንዱ ሰንበት ዜማ ሠርቶ፣ ሰውን ደረጃ በደረጃ ወደ ትንሣኤ የሚያደርስ መንገድ የቀየሰልንን ሰው ነው። እርሱም የአክሱሙ ቅዱስ ያሬድ ነው።

ከመጀመራችን በፊት አንዲት ቃል ጣል እናድርግ። በእድራችን ሙስሊም ወንድሞችና እህቶች እንዳሉ አንዘነጋም። ይህ ጽሑፍ የእኛ አይደለም ብለው ገጹን እንዳይገለብጡት እንለምናለን። ያሬድ ለአገራችን ዜማ ሁሉ አባት ተብሎ የሚጠራ ሰው ነው፤ ደግሞም ወደ ታች ስንወርድ ስለ ሕሙም ጥየቃና ስለ ቀብር የምናነሣው ነገር የሁላችንንም ቤት ያንኳኳል።

ያሬድ የተወለደው በቤተ ክርስቲያን ትውፊት እንደሚነገረው ሚያዝያ 5 ቀን 505 ዓ.ም. አክሱም ውስጥ ነው። ዘመኑ የአክሱም መንግሥት ገና በኃይሉ የነበረበት ጊዜ ነው። ዐፄ ካሌብ ባሕር ተሻግሮ ወደ ናግራን የዘመተው፣ ተሰዓቱ ቅዱሳን የምንላቸውም መነኮሳት በየተራራው ገዳም ያቀኑት በዚሁ ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ብላቴናው ያሬድ ግን ከዚህ ሁሉ ክብር የደረሰው ነገር ብዙም አልነበረም። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። እናቱም ብቻዋን ማሳደግ ቢከብዳት በአክሱም ጽዮን መምህር ለነበረው ለአጎቱ ለአባ ጌዴዎን ሰጠችው።

አባ ጌዴዎን መዝሙረ ዳዊት ሊያስተምረው ጀመረ። ትምህርቱ ግን ለያሬድ አልገባህ አለው። ዛሬ ያጠናውን ነገ ይረሳዋል፤ ባልንጀሮቹ ወደ ፊት ሲሄዱ እርሱ በአንድ ቦታ ይረግጣል። በዚያን ጊዜ እንደነበረው የትምህርት ቤት ሥርዓት መምህሩ ገረፈው። እንዲህ ዓይነቱን ጅራፍ ከኛ መካከል ዕድሜው የገፋው ሁሉ ከየኔታ እጅ ቀምሶታልና ብዙ መተረክ አያስፈልገውም። ያሬድም ግርፋቱና የባልንጀሮቹ መሣቂያ መሆኑ ሲበዛበት ትምህርቱን ጥሎ ጠፋ።

መንገድ ላይ ሳለ ማይ ኪራሕ ከምትባል ውሃ አጠገብ ከዛፍ ሥር ዐረፈ። እዚያም አንድ ትል ከዛፉ ግንድ ላይ ፍሬ ለመብላት ሲወጣ ተመለከተ። ትሉ ጥቂት ይወጣና ይወድቃል። ይነሣና ደግሞ ይወጣል፤ ይወድቃል። ስድስት ጊዜ ወድቆ በሰባተኛው ፍሬው ላይ ደረሰ። ብላቴናው ይህን ሲያይ አለቀሰ ይባላል። ትል እንኳ ለሆዱ ይህን ያህል ከደከመ እኔ ለነፍሴ ስለምን እታክታለሁ ብሎ ወደ አጎቱ ተመለሰ፤ ይቅርታም ለመነ። ከዚያ በኋላ አእምሮው ተከፈተለትና መቶ ኀምሳውን መዝሙር ከዚያም የብሉይና የሐዲስን መጻሕፍት ባጭር ጊዜ ዘለቀ። ዲቁናም ተቀበለ።

ይህችን የትል ታሪክ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጀምሮ ያልሰማት የለም፤ ለተማሪ መምከሪያ ብቻ ሆና ቀርታለች። እኛ ግን በዐቢይ ጾም ሰሞን ስንሰማት ሌላ ነገር ትታየናለች። በየዓመቱ እናያለን እኮ፤ ብዙ ሰው ጾሙን በትልቅ አሳብ ይጀምርና በሁለተኛው ሳምንት አንድ ቀን ይሰናከላል፤ ወይ ከጎረቤቱ ጋር ይጣላል፤ ወይ ሰዓቱን ያፈርሳል። ከዚያ ወዲያ ዘንድሮስ አልሆነልኝም ብሎ እስከ ሆሣዕና ድረስ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ያ ትል ግን አንድ ጊዜ ስለ ወደቀ ወጥቶ የነበረውን ቁመት እያሰበ አልተቀመጠም።

ስለ ዜማው አመጣጥ ገድሉ የሚተርከው እንዲህ ነው። እግዚአብሔር ከኤዶም ገነት ሦስት ወፎች ላከለት፤ በሰው ቋንቋም ተናገሩት፤ ከእነርሱም ጋር ወደ ሰማያዊት ኢየሩሳሌም ተነጠቀ። እዚያም ሃያ አራቱ ካህናተ ሰማይ ሲያመሰግኑ ዜማቸውን ሰማ። ሲመለስም በሦስት ሰዓት ወደ አክሱም ጽዮን ገባና በታላቅ ድምፅ ዜመ። ድምፁ በተሰማ ጊዜ ንጉሡ፣ ጳጳሱ፣ ካህናቱና ሕዝቡ ሁሉ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ እየሮጡ መጥተው ሲሰሙት ዋሉ ይላል ስንክሳሩ። ዜማውም ሦስት ዓይነት ነው፤ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ። ሊቃውንቱ ሦስቱን በሥላሴ ይመስሏቸዋል። ግዕዙ ጠንከር ያለ ነው፤ አራራዩ ደግሞ እንደ ስሙ አንጀት የሚያላውስ፣ ልብ የሚያራራ ነው። ለእያንዳንዱ በዓልና ለእያንዳንዱ ወቅት እየለየ ዜማ ሠራ፤ ክረምቱን፣ በጋውን፣ መጸውን፣ ጸደዩን ሁሉ በዜማ አካፈለው።

ሥራዎቹ አምስት መጻሕፍት ተብለው ይቈጠራሉ፤ ድጓ፣ ጾመ ድጓ፣ ምዕራፍ፣ ዝማሬና መዋሥዕት። ከእነዚህ ውስጥ ለዛሬው ነገራችን የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። ጾመ ድጓ የዐቢይ ጾም ዜማ ነው። መዋሥዕት ደግሞ ሙታን የሚሸኙበት ነው። ልብ በሉ! ለጾም የሚዜመውንና ለቀብር የሚዜመውን የሠራው ያው አንድ ሰው ነው። የእኛ ዓይነት ማኅበር ታዲያ ይህን ሰው ሳያውቀው ቢኖር አያሳፍርም ትላላችሁ?

አሁን ወደ ጾመ ድጓው እንግባ። ጾሙ በየዓመቱ ከየካቲት 1 እስከ መጋቢት 5 ባለው ጊዜ ውስጥ ይገባል፤ ፋሲካም ከመጋቢት 26 ወዲህ ከሚያዝያ 30 ወዲያ አይውልም። በዚህ መካከል ያሉት ስምንት ሰንበቶች እያንዳንዳቸው ስም አላቸው፤ ስማቸውም የወጣው በዕለቱ ከሚዜመው ከያሬድ ድርሰት ነው። ዘወረደ፣ ቅድስት፣ ምኩራብ፣ መጻጉዕ፣ ደብረ ዘይት፣ ገብር ኄር፣ ኒቆዲሞስ፣ ሆሣዕና። የመጀመሪያውን ሳምንት ሕርቃል የሚሉትም አሉ፤ ያ ግን መስቀሉን ከፋርስ ባስመለሰው በሮሙ ንጉሥ ስም ነው። ዘወረደ የሚለው የያሬድ ነው፤ ከሰማይ የወረደውን የሚያስብ። እነዚህን ስሞች እንደ ቀን መቁጠሪያ ብቻ ለያዝናቸው ሰዎች፣ ስንት ሰንበት ቀረን እያልን ዶሮና በግ ከምንቈጥርባቸው፣ አንዳንዱን ቆም ብለን ብናየው መልካም ነው።

ቅድስት ስለ ሰንበት ቅድስና ነው። ምኩራብ ደግሞ ጌታ ወደ ምኩራብ ገብቶ ማስተማሩንና ቤተ መቅደሱን ገበያ ያደረጉትን ማስወጣቱን ያነሣል፤ ከመሥዋዕት ይልቅ ምጽዋት እንደሚበልጥም በዚሁ ሳምንት ይዜማል። እንግዲህ አስቡት፤ ሰው ጾም ከያዘ ገና ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ሆዱ መራብ ሲጀምር፣ ጠባዩም መክፋት ሲጀምር ያሬድ ወዲያው ወደ እጁ ይመለከታል፤ ምን ሰጠህ ይለዋል። ከምሳ የተረፈው ገንዘብ የት ገባ እንደ ማለት ነው። በጥንት ጊዜ ጾመኛ የቀኑን ምሳ ለድኻ እየሰጠ ይጾም እንደነበረ አባቶች ይነግሩናል። አሁን አሁን ግን የጾም ምግብ ከፍስኩ በልጦ ገበታ የሚሞላበት ቤት ሞልቷል፤ በጾም ስም ድግስ ነው እንጂ ጾም አይደለም።

አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ይባላል። በዚህ ላይ ትንሽ እንቈይ። መጻጉዕ ማለት ድውይ፣ በሽተኛ ማለት ነው። በኢየሩሳሌም አምስት መመላለሻ ባላት በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት ታሞ የተኛው ሰው ነው። ውሃው በተናወጠ ጊዜ ቀድሞ የገባ ይድናል፤ እርሱን ግን የሚያወርደው ሰው አልነበረውም። ለጌታም የነገረው ይህንኑ ነው፤ ሕመሙን አላስቀደመም፤ ሰው እንደሌለው ነገረው እንጂ። ቅዱስ ያሬድ በጾሙ እኩሌታ ዋዜማ ላይ ይህን ሰው አምጥቶ ያስቀምጥልናል። ስለ ተአምሩ ብቻ ቢሆን ሌላም ብዙ ተአምር በወንጌል አለ። ይህኛው ግን ሰው በማጣት የታመመ ሰው ነው።

በአንድ እድር፣ ስሙን መጥራት አያስፈልግም፣ የሆነውን እንንገራችሁ። ልጆቻቸው ርቀው የሄዱባቸው አንዲት ባልቴት ከዓመት በላይ አልጋ ላይ ዋሉ። መዋጯቸው በየወሩ በጎረቤት እጅ ይደርስ ስለነበር በመዝገቡ ላይ አንድም ቅጣት የለባቸውም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ደጃቸውን የረገጠችው ግን ያችው መዋጮ የምታደርስላቸው ጎረቤት ብቻ ነበረች። ያረፉ ለታ ጥሩንባው ተነፋ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ አግዳሚ ወንበሩ ጢም አለ፤ ንፍሮው ተቀቀለ፤ ማታ ማታም ለአዳር ሰው ተመደበ። ቀሪ እንዳይጻፍበት የሚጣደፈው ሰው ብዛቱ ሲታይ መንገዱ ጠበበ። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ እኩሌታው አንድ አንድ ቀን ብቻ ብቅ ቢልላቸው ኖሮ ለወራት ጠያቂ ባላጡም ነበር። ጊዜውም የዐቢይ ጾም ጊዜ ነበር፤ ብዙዎቹ ለቀስተኞች እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾሙ ነበር።

የእድር መተዳደሪያ ደንብ እንደሚታወቀው ስለ ሙት ያወራል፤ ስለ ድንኳን፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ቀሪ ቅጣት። ስለ ሕሙም የሚያዝዘው ደንብ ሳይሆን ልማድና ኅሊና ነው። ስለሆነም እኛ የምናሳስበው ይህ ነው፤ የመጻጉዕ ሰንበት ከመድረሱ በፊት በየቀጣናው ያሉት ተጠሪዎች አልጋ የያዙ አባላትን ስም ለጸሐፊው ያስመዝግቡ፤ በዚያው ሰንበት ከቅዳሴ መልስ ሁለት ሁለት ሆነን እንዳረስ። ሙስሊም አባሎቻችንም እሑድ ዕለት ሥራ ስለማይኖር ለመምጣት ይመቻቸዋል። ባዶ እጅ ቢኬድም ነውር የለውም። ዳኞቹ ይህን በስብሰባ ቢያነሡልን ደስ ይለናል።

አምስተኛው ደብረ ዘይት ነው፤ የጾሙም እኩሌታ ነው። ስለ ዳግም ምጽአት የሚነገርበት ስለሆነ ብዙ ሰው ያውቀዋል። ስድስተኛው ገብር ኄር ነው፤ አምስት መክሊት የተሰጠውን፣ ሁለት የተሰጠውንና አንዲቱን የቀበራትን የሚያስታውስ። ይህንንም አውቀነዋል ብለን እንለፈው።

ሰባተኛው ኒቆዲሞስ ነው። እዚህ ላይ ደግሞ አንድ ነገር ሳንል ብናልፍ የእድር ሰዎች መሆናችን ምኑ ላይ ነው? ኒቆዲሞስ የአይሁድ አለቃ፣ ባለማዕርግ ሰው ነበር። ሰው እንዳያየው ፈርቶ ወደ ጌታ በሌሊት ይመጣ ነበር፤ ስለ ዳግመኛ መወለድም በሌሊት ተማረ። ብዙ ጊዜ የሚሰበከው ይኸው ነው። የዮሐንስ ወንጌል መጨረሻው ላይ ግን ይህን ሰው መልሶ ያመጣዋል። ጌታ በተሰቀለ ጊዜ ደቀ መዛሙርቱ ተበተኑ። ያን ለታ ከአርማትያሱ ዮሴፍ ጋር መጥቶ፣ 100 ንጥር ያህል ከርቤና እሬት ይዞ፣ በበፍታ ገንዞ የቀበረው ይኸው በሌሊት ይመጣ የነበረው ሰው ነው። ለሊቱን ሲፈራ የኖረ ሰው ለቀብር ሲሆን በቀን ወጣ። ያሬድ የጾሙን የመጨረሻ ሳምንት ደጃፍ ለዚህ ሰው ማስጠበቁ በከንቱ አይመስለንም። ዐርብ ስቅለት ሲመጣ ማን ገንዞ እንደሚቀብር አስቀድመን እናውቀዋለንና።

ከሆሣዕና ጋር ደግሞ እኛን በቀጥታ የሚመለከት ሥርዓት አለ። ብዙ ወጣት የእድር አባላት አያውቁትም። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም፤ ካህኑ መስቀል አያሳልምም፤ ኑዛዜም አይሰጥም። ስለዚህ በሆሣዕና ዕለት ከቅዳሴ በኋላ በዚያ ሳምንት ውስጥ ለሚያርፉት ሁሉ አስቀድሞ ፍትሐት ይደረጋል። ሰው በቁሙ ቆሞ የራሱን ፍትሐት ይሰማል ማለት ነው። ዘንባባውን በጣቱ ቀለበት አድርጎ፣ ልጁን ይዞ፣ ደስ ብሎት የመጣ ሰው ያን ጸሎት ሲሰማ ምን ሊያስብ ይችላል? ከመካከላችን በሕማማቱ ያረፈ ሰው ቢኖር በጸጥታ ይቀበራል እንጂ ፍትሐት ተከለከለ ብሎ ቤተሰብ ሊያዝን፣ ካህንም ሊወቀስ አይገባም። የእድር ዳኞች ይህን ለለቅሶ ቤት ሰዎች በቀስታ ቢያስረዷቸው ብዙ ቅሬታ ያስቀራል።

በዐቢይ ጾም ወራት ቤተ ክርስቲያን የሄደ ሰው አንድ ነገር ጎድሎ ያገኛል። ከበሮው አይመታም፤ ጸናጽሉም አይሰማም። ሊቃውንቱ መቋሚያቸውን ይዘው፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ እየዘመሙ ጾመ ድጓውን በድምፃቸው ብቻ ያዜማሉ። ሌላ ጊዜ ሆ ብሎ የሚያጅበው ሁሉ ዝም ሲል የሰው ድምፅ ብቻ ይቀራል። ለሰዓታት ቆሞ መስማት አድካሚ መሆኑን አንክድም፤ እግር ይዝላል፤ ዓይንም ያሸልባል። ሆኖም ለፋሲካ መዘጋጀት ማለት ይህም አለበት፤ ጆሮን ከጫጫታ ማስጾም። ከበሮው የተመታ ለታ የትንሣኤው ደስታ ምን እንደሆነ የሚያውቀው ዝምታውን የጠበቀ ሰው ነው።

ዜማው ከትውልድ ወደ ትውልድ የተላለፈው በተማሪው አእምሮና በመምህሩ ጉሮሮ ነው። ከፊደሉ በላይ የሚጻፉትን የዜማ ምልክቶች በ16ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት እንዳደራጇቸው ይነገራል። ሊቃውንቱም ምልክቶቹን ከሕማማቱ ጋር ያያይዟቸዋል። ይዘት የጌታን መያዝ፣ ሒደት ወደ ቀራንዮ መነዳቱን፣ ጭረት የግርፋቱን ሰንበር፣ ድፋት በራሱ ላይ የተደፋውን የእሾህ አክሊል፣ ርክርክ የደሙን ነጠብጣብ ያመለክታሉ ይላሉ። ስለዚህ የዜማ ተማሪ ቀለሙን ሲያጠና ሳያውቀው ሕማማቱን እየቈጠረ ነው። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ውሻ እያባረረው ቁራሽ እየለመነ ዓመታት ይማራል። ድጓውን በጋይንት ቤተ ልሔም፣ ዝማሬና መዋሥዕቱን በዙር አምባ ያስመሰክራል። እነዚህ ቦታዎች ዛሬም የዜማ ማስመስከሪያ ናቸው። ቅዱስ ያሬድም ከንጉሡ ከዐፄ ገብረ መስቀልና ከአቡነ አረጋዊ ጋር ወደ ጣና ቂርቆስና ወደ ዙር አምባ መምጣቱ በትውፊት ይነገራል። በየለቅሶው ድንኳን ስናያቸው ቶሎ ጨርሱልን እያልን የምናጣድፋቸው መሪጌቶች የዚህ ሁሉ ድካም ወራሾች ናቸው።

የያሬድን ሕይወት ከለወጡት ነገሮች አንዱ በዐፄ ገብረ መስቀል ፊት የሆነው ነው። ንጉሡ የካሌብ ልጅ ነው። አንድ ቀን ያሬድ ቆሞ ሲያዜም ንጉሡ ጦሩን ተደግፎ ቆሞ ያዳምጥ ነበር። ዜማው ልቡን ስለሰወረው ንጉሡ የጦሩን ጫፍ በያሬድ እግር ላይ መትከሉን አላወቀም። ደሙ ፈሰሰ፤ ያሬድም ማዜሙን እስኪጨርስ አልተሰማውም። ዜማው ሲያበቃ ነው ሁለቱም ያዩት። ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ስለ ፈሰሰው ደም ካሣ የሚሆን የፈለገውን ነገር እንዲጠይቀው ነገረው።

እንግዲህ በዚያን ጊዜ አክሱም ውስጥ ንጉሥ ለምን ብሎ ከፈቀደለት ሰው ምን የማያገኝ ነበር? ጉልት፣ ወርቅ፣ ሹመት፤ ሁሉም በእጁ ነበር። ያሬድ ግን ብልህ ነበርና አስቀድሞ እንዳይከለክለው ንጉሡን አስማለ። ከማለለት በኋላ ወደ በረሃ ሄዶ በጾምና በጸሎት እንዲኖር እንዲያሰናብተው ለመነ። ንጉሡና መኳንንቱ እጅግ አዘኑ፤ መሐላው ግን ታሰረበት። ካሣው ጾም የሆነለት ሰው ከእርሱ ሌላ መኖሩን አናውቅም።

አስተውሉ፤ ይህ ሰው ጾመ ድጓን ሠርቶ ለሌላው ሰጥቶ፣ ራሱ ከቤተ መንግሥቱ ገበታ ላይ ተቀምጦ ሊያረጅ ይችል ነበር። እንዲህ ያለ መካሪ ሞልቷል። ያሬድ ግን በዜማ ያስተማረውን በእግሩ ሊሄድበት ወጣ፤ ያውም በቈሰለው እግሩ። ከመሄዱ በፊት ወደ አክሱም ጽዮን ገብቶ በታቦቷ ፊት ቆሞ እመቤታችንን አመሰገነ፤ ሲያመሰግንም ከምድር አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ ታየ ይላል ስንክሳሩ። ከዚያም ካህናቱንና ሕዝቡን ተሰናብቶ ወደ ሰሜን ተራራዎች፣ ወደ ጸለምት አገር ወረደ።

ሰሜን ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ገደሉ፣ ጉሙ፣ ውርጩ ለለመደው እንኳ ከባድ ነው፤ ለአክሱም ካህን ደግሞ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም። እዚያ ሥጋውን በጾም እያደከመ፣ ደቀ መዛሙርትንም እያስተማረ የቀረ ዘመኑን ኖረ። ከንጉሥ ፊት የነበረው ሰው አጃቢ አልነበረውም፤ ከበሮም አልነበረውም። እኛ የ55 ቀኑን ዝምታ ስናማርር እርሱ ለዓመታት እዚያው ገባ።

መጨረሻው በ571 ዓ.ም. ግንቦት 11 ቀን እንደሆነ በትውፊት ይነገራል፤ ዕድሜው 66 ዓመት ነበር። ብዙዎቹ ሊቃውንት ስለ እርሱ ሞተ አይሉም፤ ተሰወረ ነው የሚሉት። ስለዚህ መቃብሩ ይህ ነው ተብሎ የሚታወቅ ቦታ የለም። መዋሥዕቱን ሠርቶ ለሺህ ዓመታት የስንቱን ሰው አስከሬን በዜማ ያሸኘ ሊቅ ለራሱ የቀብር ቦታ ሳይታወቅለት ቀረ።

በዓሉ በየዓመቱ ግንቦት 11 ቀን ይከበራል። ፋሲካ መጋቢት 26 ቀን ቢውልም ሚያዝያ 30 ቀን ቢውልም ያች ዕለት ሁልጊዜ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት ኀምሳ ቀናት ውስጥ ትገባለች። በእነዚያ ቀናት ረቡዕም ዐርብም ቢሆን ጾም የለም፤ ስግደትም የለም። የጾሙን ዜማ የሠራው ሰው በዓሉ አንድም ጊዜ በጾም ቀን ውሎ አያውቅም።